ውሻ ይዞ ጣና ዳር ለሚመጣ፦ ስለ አንድ የመኪና ማቆሚያ

ሦስት ቅዳሜ ሄጄበታለሁ። ሦስቱንም ከኪሴ ከፍዬ ነው የገባሁት። ጻፍልን ያለኝ የለም። እንዲያውም እንደምጽፍ ስነግራቸው ጠባቂው «ለማን ይበጃል ብለህ ነው ልጄ?» ነው ያሉኝ። ውሻ ይዞ ባሕር ዳር ለሚመጣ ሰው ይበጃል ብዬ ነው።

ቦታው የዘጌ ጀልባዎች ከሚነሱበት ብዙም አይርቅም። በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። ታፔላ የለውም። በሩ ላይ በኖራ «መኪና ማቆሚያ» ተብሎ ተጽፏል፤ እሱም በዝናብ ታጥቦ ግማሹ ጠፍቷል። ውስጡ ሁለት ያረጁ ሾላዎች፣ አንድ ዋንዛና ጥጉ ላይ አንድ ማንጎ አሉ። ቢበዛ አሥራ አምስት መኪና ይይዛል። መሬቱ አፈር ነው። መኪና ብቻ ለሚያቆም ግማሽ ቀኑ 40 ብር ነው። ውሻ ካለና ጠብቁልኝ ከተባለ 150። እኔ የምጽፈው ስለ ልዩነቷ፣ ስለዚያች ስለ 110 ብሯ ነው።

ሥራዬ የፍሪጅና የኤሲ ጥገና ነው። ቀኑን ሙሉ ከሐይቁ ዳር ሆቴሎችና ከዓሣ ቤቶች ፍሪዘር ጋር ነው የምውለው። ዳማ የሚባል ውሻ አለኝ። ስሙ ከቀለሙ የመጣ ነው። ግማሹ ጀርመን ሼፐርድ፣ ግማሹ የሰፈር ውሻ ነው። ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ 34 ኪሎ ይመዝናል። መኪናዬ ውስጥ የጋዝ ሲሊንደር፣ ጌጅና የመበየጃ ዕቃ ስለማይጠፋ መጀመሪያ የወሰድኩት እንዲጠብቅልኝ ነበር። አሁን ግን ያለ እሱ መንዳት አልወድም። የኮሮላዬ የኋላ ወንበር የሱ ነው።

ባሕር ዳርን በፎቶ ብቻ የሚያውቅ ሰው ጥላ የሞላባት ከተማ ትመስለዋለች። ዘንባባዎቿ ያምራሉ። ግን ዘንባባ ሥር መኪና አቁማችሁ ታውቃላችሁ? ጥላው የስልክ እንጨት ጥላ ያህል ነው። እሱም ሩብ ሰዓት ሳይቆይ ዞሮ ይሄዳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ቆላ አይደለችም፤ ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው። ጥላ ሥር ቁጭ ስትሉ 27፣ 28 ዲግሪ ነው። የሐይቁ ነፋስ ያገኛችኋል። ቡና ይዛችሁ ሰዓቱን ትረሳላችሁ። መኪናው ውስጥ ያለው አየር ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። የባሕር ዳር ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። አንዱ ሚያዝያ አጋማሽ አካባቢ ነው፣ ሌላው ነሐሴ አጋማሽ። ነሐሴ ላይ ደመናው ይሸፍናታል። ሚያዝያ ላይ የሚያግዳት የለም። በዚያ ሰሞን ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ግንብ ሥር ብትቆሙ ግንቡ ጥላ አይሰጣችሁም። የራሳችሁ ጥላ እንኳ ጫማችሁ ሥር ይገባል።

ዳማን ላጣው የነበረው በዚያ ሰሞን፣ በዚያ ሰዓት ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል የወጥ ቤት ፍሪዘር ተበላሽቶበት ጠራኝ። ውሻ ይዤ መግባት እንደማልችል በር ላይ ተነገረኝ። እውነታቸውን ነው፤ ወጥ ቤት ነው። መኪናዬን ዘንባባ ሥር አቆምኩ። አራቱንም መስታወት ሁለት ሁለት ጣት ዝቅ አደረግኩ። ውሃ በሳህን አስቀመጥኩለት። «አሥር ደቂቃ» አልኩት። 6 ሰዓት ከሩብ ነበር።

አሥር ደቂቃው 35 ሆነ። ቴርሞስታቱ ነው ብዬ ስፈታ ችግሩ ጋዙን ከሚገፋው ከኮምፕሬሰሩ ሆኖ ተገኘ። በመሀል ትዝ አለኝ። ለጥበቃው «እስቲ ውሻዬን እይልኝ» ብዬ ላክሁበት። «ውሻ ነው፣ ምን ይሆናል» ብሎ መለሰልኝ። እኔም አመንኩት። ማመን ስለፈለግኩ ነው ያመንኩት።

ዳማ ኮቴዬን ሲሰማ ሁልጊዜ ይጮሃል። ያን ቀን አልጮኸም። በሩን ስከፍት ፊቴን የመታኝ ሙቀት አክንባሎ ከምጣድ ላይ ሲነሳ የሚወጣው ዓይነት ነው። ወንበሩ ላይ የለም። ወለሉ ላይ፣ በሁለቱ ወንበሮች መሀል ተወሽቆ ነው ያገኘሁት። ምላሱ ወጥቶ ጠቁሯል። ድዱ እንደ ቀይ ሥር ቀልቷል። ከአፉ የሚወርደው ለሃጭ እንደ ተልባ ውሃ ይጎተታል። ዓይኑ ክፍት ነው፤ ግን አያየኝም። የውሃው ሳህን ተደፍቷል።

ተሸክሜው ወደ ሐይቁ ሮጥኩ። ውሃው ሆዱ ድረስ እስኪደርስ አስገባሁት፤ ጭንቅላቱን ክንዴ ላይ ደገፍኩት። ዓሣ ስትጠርግ የነበረች አንዲት ሴት ቢላዋዋን ጥላ መጣች። በጆግ ጀርባው ላይ ታፈስለት ጀመር። «አይዞህ፣ ይተነፍሳል፣ አይዞህ» ትለኛለች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም። በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ፈልጌ አጣኋት። እስካሁን ይቆጨኛል።

የእንስሳት ሐኪም ጋ ስንደርስ ሙቀቱ 41.2 ነበር። ያውም ከሐይቁ ከወጣ በኋላ ነው። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው፤ ቢያልፍም በጥቂት ነጥብ ነው። 41 ካለፈ አካሉ ከውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ጉሉኮስ ተደረገለት፣ እዚያው አደረ፣ ተረፈ። ሐኪሙ የነገረኝን እዚህ ላስቀምጠው፣ ለአንዳችሁ ይጠቅም ይሆናል። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማምጣት። ገላው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ፣ ሆዱንና መዳፉን ማራስ፣ ነፋስ እንዲያገኝ ማድረግ። በእርጥብ ፎጣ መጠቅለል አይሆንም፤ ፎጣው ቶሎ ይሞቅና ሙቀቱን መልሶ ያፍነዋል። ራሱን ስቶ ከሆነ በአፉ ውሃ አትጋቱት። ተነስቶ ጭራውን ቢቆላ እንኳ ሐኪም ይየው፤ የኩላሊቱ ጉዳት በማግስቱ ሊወጣ ይችላል።

መለካት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ለሥራዬ የምይዘው መልቲሜትር የሙቀት መለኪያ ሽቦ አለው። ዳማን ቤት ትቼ፣ መኪናዬን ያው ዘንባባ ሥር አቆምኩና ሽቦውን የኋላ ወንበሩ ላይ አንጠለጠልኩ። ውጭው ጥላ ላይ 28 ነበር። በአሥር ደቂቃ ውስጡ 37 ገባ። በግማሽ ሰዓት 46። በሌላ ቀን መስታወቱን ሁለት ሁለት ጣት ከፍቼ ደገምኩት። በግማሽ ሰዓት 45። ለአንድ ዲግሪ ነው እንግዲህ ስተማመን የኖርኩት።

ይህን እኔ አይደለሁም መጀመሪያ ያገኘሁት። በ2005 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ውጭው ከ22 እስከ 36 ዲግሪ በሆነባቸው 16 ፀሐያማ ቀናት የቆመ መኪና ውስጥ ሙቀት ለክተው ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ በአማካይ 22 ዲግሪ ያህል ጨምሯል። ከዚያ ውስጥ 80 በመቶው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የጨመረ ነው። መስኮት ገርበብ ማድረግ ብዙም ለውጥ አላመጣም። ምክንያቱ ለኔ ሙያ ቅርብ ነው። ብርሃኑ በመስታወቱ ይገባል፣ ዳሽቦርዱንና ወንበሩን ያግላል። እነሱ መልሰው የሚረጩትን ሙቀት መስታወቱ አያሳልፈውም። መኪናው ፍሪጅ በተቃራኒው ይሆናል፤ በሩ የተዘጋ፣ ሙቀት ብቻ የሚያጠራቅም።

ውሻ ደግሞ እንደ እኛ ገላውን አያልበውም። መዳፉ ሥር ትንሽ ያልበዋል፣ በቃ። ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው። እንስራ ውስጥ ያለ ውሃ የሚቀዘቅዘው እንስራው ስለሚያዣና የወጣው እርጥበት ሲተን ሙቀቱን ይዞት ስለሚሄድ ነው አይደል? የውሻም ምላስ እንዲሁ ነው የሚሠራው። እንስራውን ግን የተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ነፋስ በሌለበት ብታስቀምጡት አይቀዘቅዝም። የተዘጋ መኪና ውስጥ የሚያለከልክ ውሻ በራሱ ትንፋሽ አየሩን ያረጥበዋል። አየሩ ሲረጥብ ማለክለኩ ይከሽፋል። እያለከለከ፣ እየባሰበት ይሄዳል። ይህን ሳስብ አሁንም ሆዴ ይረበሻል።

ወደ ግቢው ልመለስ።

እህቴ ከነልጆቿ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጣች። ዘጌ ሄደን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን እንያት አለች። ጀልባው አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ከዚያ በቡናው ጫካ ውስጥ በእግር ነው። ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ውሻ ደግሞ ገዳም አይገባም። ዳማን ቤት ልተወው ስል ልጆቹ እስከ ወደቡ ይምጣ ብለው አለቀሱ። ባለጀልባው ነው «ከዚህ ጀርባ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ውሻ ይጠብቃሉ» ያለኝ። አላመንኩትም። ግን ሄድኩ።

ሽማግሌው በሩን ሲከፍቱ መጀመሪያ ያዩት እኔን አይደለም፣ ዳማን ነው። «የክትባት ወረቀት አለው?» አሉ። አሳየኋቸው። ቀኑን አነበቡ፣ ዓመት እንዳልሞላው በጣታቸው ቆጠሩ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየዓመቱ ነው የሚታደሰው። ያላደሰ እንደማያስገቡ ነገሩኝ። ይህን ብቻ አይቼ ግማሽ ልቤ አረፈ።

ከዚያ «የት ላቁም ጋሼ?» አልኳቸው።

«መቼ ትመለሳለህ?»

«ስምንት ሰዓት ገደማ።»

ቀና ብለው ሾላውን አዩ። «እንግዲያው ከግንዱ በምሥራቅ በኩል። አሁን ፀሐይ ይመታሃል፣ ግድ የለም። መኪናው ነው የሚሞቀው። ከስድስት ሰዓት በኋላ ጥላው ወደዚያ ይመጣል። ውሻውን ደግሞ እስከ ስድስት በወዲህ አስረዋለሁ፣ ከዚያ ከጥላው ጋር አዞረዋለሁ።»

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ስንት ቦታ ነው «ጥላ አለን» የሚባለው? ጥላው ግን ስትገቡ ያለው ነው። ስትመለሱ የት እንደሚሆን ያሰበ የለም። እኚህ ሰውዬ ጥላውን በሰዓት ያውቁታል።

ዳማን መኪናው ውስጥ አላስቀመጡትም። የግቢው ዋና ነገር ይሄ ነው። መኪናዬን ቆልፌ ቁልፉን ይዤ ሄድኩ፤ ዕቃዬ አላሳሰበኝም። ውሻው ውጭ፣ ሾላው ሥር፣ ሦስት ሜትር በሚሆን ገመድ ታሰረ። ገመዱ የታሰረው ግንዱ ላይ በተጠለቀ ሰፊ የብረት ቀለበት ላይ ስለሆነ ሲዞር አይጠመጠምበትም። ከማሰራቸው በፊት በእጃቸው ጀርባ መሬቱን ነኩ። እኔም ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። ደጅ ያለውን አስፋልት በዚያ ሰዓት እጃችሁን አስቀምጣችሁ እስከ ሰባት ብትቆጥሩ ታነሳላችሁ። እጃችሁ ካልቻለው መዳፉም አይችለውም።

ሰማያዊ ሳፋ አመጡ። ጀሪካኑን አዘንብለው ግማሹን ሞሉት። ሳፋውን በሁለት ድንጋይ አጣበቁት፣ እንዳይደፋ። ያን ሳይ የተደፋው ሳህኔ ትዝ አለኝና ዞር አልኩ።

«ጋሼ፣ በየስንት ሰዓቱ ያዩታል?» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። ከግንቡ ጫፍ ላይ ጠጠሮች አሳዩኝ። አንዴ ባዩት ቁጥር ምላሱንና ውሃውን ያያሉ፣ ከዚያ አንድ ጠጠር ከግራ ወደ ቀኝ ያሻግራሉ። በሩብ ሰዓት አንድ ጠጠር። «ሰው ጠባቂውን አያምንም፣ ልክም ነው። ጠጠሩን ቁጠር። የሰው አደራ ነው» አሉኝ።

ዘጌ ላይ እህቴ የኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች አንድ በአንድ ስታይ እኔ ሰዓቴን ነበር የማየው። ስንመለስ አሥራ ስድስት ጠጠር ተሻግሯል። አራት ሰዓት ነው የቆየነው። ዳማ ሆዱን ቀዝቃዛው አፈር ላይ ዘርግቶ ተኝቷል። አፉ ዝግ ነው። አፉ ዝግ መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ያልሞቀው ውሻ አፉን ይዘጋል። ኮቴዬን ሲሰማ ጮኸ።

መልቲሜትሬን አውጥቼ ለካሁ። ሾላው ሥር 27 ነበር።

ውጭ መታሰር የሚያስፈራቸው ውሾች አሉ። ለነሱ የመኪናው አራቱም በር ተከፍቶ በመረብ ይጋረዳል፣ ገመዱም ውስጥ ይታሰራል። በሁለተኛው ቅዳሜ ይህን ሞከርኩት። በጥላው ሥር በሮቹ ተከፍተው የኋላ ወንበሩ 28 ላይ ቆየ። ያው ጥላ ሥር በሮቹ ሲዘጉ ግን በአንድ ሰዓት 33 ደረሰ። ጥላ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። በዚህኛው አማራጭ ቁልፉ ባይቀርም መኪናው ክፍት ስለሆነ ዕቃችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

«እኔ ዕቃ ገዝቻለሁ፣ ግቢ ምን ያደርግልኛል» ለሚል ሰው፣ ዕቃዎቹንም አንድ በአንድ ገዝቼ ሞክሬያቸዋለሁ። ብዙ ብር አውጥቼባቸዋለሁ።

የፊት መስታወት ላይ የሚዘረጋው ብርማ መጋረጃ ጥሩ ነው፣ ግን ለመሪው ነው ጥሩ። ዳሽቦርዱን ከ68 ወደ 47 አወረደልኝ። ወንበሩ ላይ ያለው አየር ግን ከ46 ወደ 42 ብቻ ነው የወረደው። 42 ዲግሪ ውሻ ይገድላል።

በጄል የተሞላው ማቀዝቀዣ ፍራሽ ቤት ውስጥ ደስ ይላል፤ ዳማ ይወደዋል። ግን ጄሉ ቅዝቃዜ አይፈጥርም፤ የገላውን ሙቀት ይቀበላል እንጂ። ሲጠግብ ያበቃለታል። የሚያርፈውም ሙቀቱን የሚሰጥበት ቀዝቃዛ ወለል ሲያገኝ ነው። በሞቀ መኪና ውስጥ እሱ ራሱ ይሞቅና እንደ ሞቀ ጡብ ይሆናል። የሚያኝክ ውሻ ካላችሁ ደግሞ ጭራሽ አትግዙት።

በውሃ ተነክሮ የሚለበሰው ሰደርያ ከሁሉም ይሻላል። ይኸው የእንስራው ነገር ነው። በሚያዝያ ደረቅ አየር፣ ነፋስ ባለበት፣ ከዳማ ጋር በሐይቁ ዳር ስንሄድ በደንብ ይሠራል። በየሠላሳ፣ አርባ ደቂቃው መንከር ያስፈልጋል። ሐምሌ ላይ ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ውሃው አይተንም፤ ሰደርያው እርጥብ ካፖርት ይሆንበታል። በተዘጋ መኪና ውስጥም እንደዚያው። ለመንገድ ግዙት፣ ውሻ ለማስቀመጥ አትግዙት።

በመኪና ባትሪ የሚሠራውን ትንሽ ማራገቢያ በአንድ ቃል ልለፈው፦ ሙቅ አየር ያዞራል።

ኤሲ ከፍቶ ሞተሩን ሳያጠፉ መሄድስ? ኤሲ የምጠግን ሰው ነኝና ስሙኝ። ቆሞ በሚሠራ መኪና ሞተሩ ሲግል ኮምፕሬሰሩ ይቆርጣል። ቀበቶው ይንሸራተታል። ጋዙ ያነሰ ኤሲ ሲነዳ የሚያቀዘቅዝ ይመስልና ሲቆም ያቆማል። ያኔ ያው ማራገቢያ ሙቅ አየር ይነፋል፣ መስታወቱም ዝግ ነው። ውሻ ደግሞ በመዳፉ ቁልፍ ይረግጣል፣ ማርሽ ይነካል። የኤሌክትሪክ መኪና ያላቸው ሰዎች በዚህ ይሻላሉ፤ ሞተር ሳይነሳ ኤሲው ይሠራል፣ ለእንስሳ ተብሎ የተሠራ ማስተካከያ ያላቸውም አሉ። እሱንም ቢሆን ከመኪናው አጠገብ ሰው ሳይኖር አላምነውም። ዕቃ ሲበላሽ አይቶ የሚኖር ሰው ዕቃ አያምንም።

አሁን የግቢውን ጉድለት ልናገር።

ሦስተኛው ቅዳሜ ሽማግሌው አልነበሩም፤ ለቅሶ ሄደው ነበር። አንድ ወጣት ተተክቶ አገኘሁት። ጨዋ ልጅ ነው፣ ገንዘቡን ተቀበለ፣ ዳማን አሰረ። ሽምብጥ አካባቢ የአንድ ዓሣ ቤት ፍሪዘር ሠርቼ ከሦስት ሰዓት በኋላ ተመለስኩ። ጠጠሩ አምስት ነው። አሥራ ሁለት መሆን ነበረበት። ሳፋው ደርቋል። ጥላው ዞሯል፣ የዳማ ግማሽ ጀርባ ፀሐይ ላይ ነው። ገመዱ ስለሚደርስ ተነስቶ መዞር ይችል ነበር። ምላሱም ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም። ግን ደሜ ፈላ። ልጁ ስልኩ ላይ ነበር።

በማግስቱ ሄጄ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ልጁን ጠሩትና «አደራ በላ ልታስብለኝ ነው?» አሉት፤ ሌላ አልጨመሩም። ልጁ መሬት መሬት አየ። 110 ብሩን ቆጥረው ሊመልሱልኝ ሲሉ አልቀበልም አልኩ። ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተቱት። ስለዚህ ስትሄዱ መጀመሪያ የዕለቱ ተረኛ ማን እንደሆነ ጠይቁ። እሳቸው ከሌሉ እኔ ብሆን ከሁለት ሰዓት በላይ አልተውም፤ መሀል ላይም ብቅ ብዬ አያለሁ።

ሌላው፣ ከሦስት ውሻ በላይ አይቀበሉም። ለአንዳንዱ ይህ ጉድለት ነው፣ ለኔ ግን ደስ ይለኛል። አራተኛ ሆነው የመጡ ባልና ሚስት ሲመለሱ አይቻለሁ፤ ሰውዬው እጥፍ እከፍላለሁ ቢል አልሰሙትም። አጥሩ በሰሜን በኩል ተቀዶ የመንገድ ውሾች ይገባሉ፣ መጠገን አለበት። ክረምት ላይ መሬቱ ጭቃ እንደሚሆን ከአሁኑ ያስታውቃል። መጸዳጃ የለም። ደረሰኝም የለም፤ ለመሥሪያ ቤት ሒሳብ ለምታወራርዱ አይሆንም።

አፍንጫቸው ጥፍጥፍ የሆኑትን፣ ፓግና ቡልዶግን የመሳሰሉትን፣ ሚያዝያ ላይ እዚያም አታምጧቸው። ሲፈጠሩ ጀምሮ የአየር መተላለፊያቸው ጠባብ ነው፣ በማለክለክ መቀዝቀዝ ይቸግራቸዋል። ያረጁና የወፈሩ ውሾችም እንደዚያው። ለነሱ የሚሻለው የቤት ወለል ነው።

ጢስ አባይ ለምትሄዱ ሰዎች ግቢው ብዙ አይጠቅማችሁም፤ ፏፏቴው ከከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ መኪናችሁም ከናንተ ጋር ነው የሚሄደው። እዚያ እኔ የማደርገው ተራ መግባት ነው። አንዱ ከውሻው ጋር ዛፍ ሥር ይቀመጣል፣ ሌላው ያያል፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ባለፈው እህቴ ቀድማ አይታ መጣች። እኔ ስመለስ ዳማ ጭኗ ላይ ተኝቷል፤ በሃይላንድ ጠርሙስ የያዘችውን ውሃ በመዳፏ ስታጠጣው አገኘኋት።

ግቢው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ክፍት ነው። እሑድም ከቅዳሴ በኋላ ይሠራል። ስልክ ደውሎ ቦታ መያዝ የለም፣ በአካል ሄዶ መናገር ነው። የክትባት ወረቀታችሁን አትርሱ። የራሳችሁን ሳፋ ብትይዙ ጥሩ ነው፤ ሰማያዊው አንድ ብቻ ነው። ዓርብ ማታ በዚያ ሳልፍ አጥሩ የተቀደደበት ቦታ ላይ ሽማግሌው አዲስ ቆርቆሮ ሲመቱ አየሁ። ልጁ ሚስማር ያቀብላል። ግንቡ ላይ ጠጠሮቹ ሁሉም በግራ በኩል ተደርድረዋል። ለነገ ጠዋት ከሁለተኛው ሾላ ሥር፣ በምሥራቅ በኩል ያዙልኝ ብያቸው መጣሁ።